ጣቢያውን መገጣጠም የጀመረው ጉዞ፦ ስለ ኢንዴቨር የ1998 በረራ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ወሬ ሲነሳ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀው ስለ መጀመሪያው የመገጣጠም ጉዞ ነው፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ እሄዳለሁ፣ ቀኖቹ ካልተባለ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይሄ ጉዞ በአጭሩ ምን ነበር?

ኢንዴቨር የምትባለው የናሳ መንኮራኩር ዲሴምበር 4 ቀን 1998 ስድስት ሰዎች ይዛ ከፍሎሪዳ ተነሳች። በእኛ ኅዳር 25 ቀን 1991 ዓ.ም. መሆኑ ነው። እዚያ ከሌሊቱ 9፡35 ሲሆን አዲስ አበባ ረፋዱ 5፡35 ነበር። ሆዷ ውስጥ ዩኒቲ የሚባል ክፍል ተጭኗል፤ ትርጉሙ አንድነት ነው። ሰማይ ላይ ደግሞ ዛርያ የሚባል ክፍል ከሁለት ሳምንት በፊት ሄዶ ብቻውን እየዞረ ይጠብቃል። የእነሱ ሥራ ሄዶ ማግኘት፣ መያዝ፣ ሁለቱን ማጋጠም፣ ከዚያ መብራቱንና የመገናኛ መስመሩን መቀጠል ነበር።

ጉዞው ኤስቲኤስ 88 በሚል ቁጥር ይታወቃል። 11 ቀን ከ19 ሰዓት ፈጅቶ ዲሴምበር 15 ማታ እዚያው ፍሎሪዳ አረፉ። ዛሬ ሰዎች የሚኖሩበት ጣቢያ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች አንድ ቤት የሆኑት በእነዚያ ቀናት ነው።

እነማን ነበሩ የሄዱት?

አዛዡ ሮበርት ካባና፣ አብራሪው ፍሬድሪክ ስተርካው። ስተርካው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጠፈር መውጣቱ ነበር። ናንሲ ከሪ የሮቦት ክንዱን የምታንቀሳቅሰዋ እሷ ናት፤ ከጠፈር በፊት በአሜሪካ ጦር የሄሊኮፕተር አብራሪ ነበረች። ጄሪ ሮስና ጄምስ ኒውማን ወደ ውጪ ወጥተው የሚሠሩት ናቸው። ስድስተኛው ሩሲያዊው ሰርጌይ ክሪካልዮቭ ነው። ስለ እሱ ወደ ታች በደንብ እመለሳለሁ፣ ምክንያቱም የእሱ ታሪክ በሁለት መስመር አያልቅም።

ለምን ጣቢያውን ምድር ላይ ጨርሰው በአንዴ አልላኩትም?

ስለማይቻል። ጣቢያው ተሠርቶ ሲያልቅ 420 ቶን ገደማ ሆኗል፣ ከጫፍ ጫፍ ደግሞ 109 ሜትር ይረዝማል። የኢንዴቨር የጭነት ክፍል 18 ሜትር ርዝመት፣ 4.6 ሜትር ስፋት ነው። ወደዚያ ምህዋር በአንድ ጉዞ መሸከም የምትችለው ክብደትም 16 ቶን አካባቢ ብቻ ነበር። ስለዚህ ያለው አማራጭ እየቆራረጡ መውሰድና እዚያው መገጣጠም ነው።

በአንዴ የተላከ ጣቢያ ግን ነበረ። አሜሪካ በ1973 ስካይላብን በአንድ ሮኬት ነው ያወጣችው፣ ያውም ሰው ጨረቃ ላይ ባደረሰው በግዙፉ ሳተርን 5። ያ ሮኬት ደግሞ ከዚያ በኋላ አልበረረም። ሩሲያዎች በበኩላቸው ሚር የተባለውን ጣቢያ ከ1986 እስከ 1996 እየጨማመሩ ነው የሠሩት። በመገጣጠም በኩል ልምዱ የነበራቸው እነሱ ናቸው።

ዛርያ ለምን ቀደመ? ማንስ ላከው?

ዛርያ ራሱን ችሎ መኖር ስለሚችል ነው። የራሱ ሞተር አለው፣ የነዳጅ ታንክ አለው፣ ከፀሐይ ኃይል የሚሰበስቡ ሁለት ክንፎች አሉት፣ አቅጣጫውንም ራሱ ይጠብቃል። ዩኒቲ ይሄ ሁሉ የለውም። ዩኒቲን ለብቻው ሰማይ ላይ ብትተወው ኃይል የሌለው ቀዝቃዛ በርሜል ሆኖ ይቀራል። ቤት ስትሠራ መጀመሪያ መብራትና ውኃ ያለበትን በኩል እንደምታቆመው ማለት ነው።

ዛርያ የተነሳው ኖቬምበር 20 ቀን 1998 ካዛክስታን ካለው ከባይኮኑር ነው፣ ፕሮቶን በሚባል የሩሲያ ሮኬት። 19 ቶን ከምናምን ይመዝናል፣ 12.6 ሜትር ይረዝማል። ስሙ በሩሲያኛ ጎህ ማለት ነው፣ ለሚጀመር ነገር የሚስማማ ስም ይመስለኛል።

ኢንዴቨር መጀመሪያ በታቀደላት ቀን ለምን አልተነሳችም?

ዲሴምበር 3 ሁሉም ዝግጁ ነበር። ሰዎቹ ወንበራቸው ላይ ታስረው ጀርባቸው ላይ ተጋድመዋል። ሊነሱ ደቂቃዎች ሲቀሩ ግን ውስጥ የማስጠንቀቂያ ደወል ጮኸ፤ ከሃይድሮሊክ ግፊት ጋር የተያያዘ ነበር። መሐንዲሶቹ አይተው ችግር የለውም እስኪሉ ድረስ ሰዓቱ በሰከንዶች አለፈ። በቃ፣ ለነገ።

«በሰከንድ ምን ይሆናል?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ዛርያ አይጠብቅም። በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል፣ ምድርም ከሥሩ ትዞራለች። መንኮራኩሯ መነሳት የምትችለው የዛርያ የምህዋር መስመር በማስነሻው ቦታ አናት ላይ በሚያልፍበት ቅጽበት አካባቢ ብቻ ነው። ያ ካመለጠ መስመሩን ለማስተካከል የሚያስፈልገው ነዳጅ አይበቃም። የሚሄድ አውቶቡስ ላይ ሮጦ እንደመሳፈር ቁጠረው፤ ከፌርማታው ካለፈ የሚቀጥለውን መጠበቅ ነው።

ሁለቱ ክፍሎች ምድር ላይ ተገጣጥመው ተሞክረው ነበር?

አልተገናኙም። ይሄን ስነግር ብዙ ሰው አያምነኝም። ዛርያ ሞስኮ ነው የተሠራው፣ ዩኒቲ ደግሞ አላባማ፣ ሀንትስቪል። አንዱ በባይኮኑር በኩል ሄደ፣ ሌላው በፍሎሪዳ በኩል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተነካኩት ከምድር 390 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው።

በመሃላቸው ያለው ክፍል የመጋጠሚያ አንገት ይባል እንበል። ዩኒቲ በሁለት ጫፉ ላይ እንዲህ ያሉ ሁለት አንገቶች ይዞ ነው የወጣው። አንደኛው የሩሲያውን ወገን ከአሜሪካው ወገን የሚያገናኝ ነው። እስካሁን ድረስ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የሚያልፍ ሰው በዚያ ነው የሚያልፈው።

ታዲያ እንዴት አጋጠሟቸው?

ይሄ ለእኔ የጉዞው ትልቁ ክፍል ነው። መጀመሪያ ዲሴምበር 5 ናንሲ ከሪ 15 ሜትር በሚረዝመው በካናዳ በተሠራው ሮቦት ክንድ ዩኒቲን ከጭነቱ ክፍል አወጣችው። አቁማ ከኢንዴቨር የራሷ መጋጠሚያ ቀለበት በላይ ጥቂት ሴንቲሜትር ሲቀረው ያዘችው። ከዚያ ካባና የመንኮራኩሯን ትናንሽ ሞተሮች ተኮሰና ኢንዴቨርን ወደ ላይ ገፍቶ አስገጠማት። ዩኒቲ እንደ ሕንፃ ቀጥ ብሎ ቆመ።

በማግስቱ ዛርያ ላይ ደረሱ። ካባና መንኮራኩሯን ከሥሩ በቀስታ እየነዳ አቀረባት፣ ናንሲም በክንዱ ያዘችው። እስከዚያ ቀን ክንዱ ካነሳው ዕቃ ሁሉ ከባዱ ነበር። ችግሩ እዚህ ጋ ነው፤ ዩኒቲ ቀጥ ብሎ ፊት ለፊት ስለቆመ ከመስኮት መጋጠሚያው አይታይም። የምትሠራበትን ቦታ በዓይኗ አታየውም ማለት ነው። በካሜራ ስክሪንና በኮምፒውተር ስሌት ብቻ ነው የሠራችው። የክፍሎቹን ፎቶ አጉልታችሁ ብታዩ ነጭ ጀርባ ላይ ያሉ ጥቁር ትላልቅ ነጠብጣቦች አሉ። ጌጥ አይደሉም። ካሜራው ነጠብጣቦቹን ያያል፣ ኮምፒውተሩ ከእነሱ ተነስቶ ዕቃው ስንት ዲግሪ እንዳዘመመና ስንት ሴንቲሜትር እንደቀረው ያሰላል። እሷ ያንን ቁጥር እያየች 19 ቶን ቀስ አድርጋ አወረደችው።

ዛርያ ከአንገቱ ጥቂት ሴንቲሜትር በላይ ሲደርስ ካባና እንደገና ሞተሩን ተኮሰ። ገጠመ። ፍሎሪዳ ዲሴምበር 6 ማታ ነበር።

ጠፈር ላይ ክብደት ከሌለ 19 ቶን ማንሳት ምን ይከብዳል?

ሁለት ነገር ነው የሚምታታው። አንደኛ፣ እዚያ ከፍታ ላይ የምድር ስበት አልጠፋም፤ እዚህ ካለው ወደ 90 በመቶው አለ። ሰውም ዕቃም የሚንሳፈፈው ሁሉም አብሮ በምድር ዙሪያ እየወደቀ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛ፣ ክብደት ባይሰማም ግዝፈቱ የትም አልሄደም። ለጥ ባለ ሜዳ ላይ የቆመ ገልባጭ መኪና ማርሹን ዜሮ አድርገህ ብትገፋው ተንቀሳቅሶ ይሄዳል፤ አስቸጋሪው ማቆሙ ነው። ዛርያም እንደዚያ ነው። ትንሽ ከተገፋ መሄዱን አያቆምም፣ የሚያቆመው ሌላ ነገር ሲመታ ነው። ስለዚህ ክንዱ በጣም በዝግታ ነው የሚንቀሳቀሰው። ቪዲዮውን ያየ ሰው ያልተንቀሳቀሰ ይመስለዋል።

ከውጪ ወጥተው ምን ሠሩ?

ሮስና ኒውማን ሦስት ጊዜ ወጡ፣ ዲሴምበር 7፣ 9 እና 12። ሲደመር 21 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ውጪ ነበሩ።

የመጀመሪያው ቀን ሥራ የኤሌክትሪሺያን ሥራ ነው። ሁለቱ ክፍሎች በአካል ገጥመዋል እንጂ ገና አልተገናኙም፤ የዛርያ ኃይል ወደ ዩኒቲ አይሄድም፣ መረጃም አያልፍም። 40 ኬብሎችና ማያያዣዎች ከውጪ በእጅ መሰካት ነበረባቸው። ሮስ በክንዱ ጫፍ ላይ እግሩን አስገብቶ ቆሟል፣ ናንሲ ወደሚፈልግበት ትወስደዋለች። ኒውማን ደግሞ መያዣ ብረቶቹን እየጨበጠ በእጁ እየሄደ ነው የሚሠራው። ሰባት ሰዓት ከ21 ደቂቃ ሙሉ። የመጨረሻዎቹ ከተሰኩ በኋላ በዚያው ሌሊት ዩኒቲ ኃይል አገኘ፣ ኮምፒውተሮቹም ነቁ።

ሁለተኛው ቀን የመገናኛ አንቴናዎች ተከሉ፣ መያዣ ብረቶች ገጠሙ፣ በሚነሳበት ጊዜ እንዳይነቃነቁ የታሰሩትን ብሎኖች ከዩኒቲ በሮች ላይ ፈቱ። ኒውማን በረጅም ዘንግ ዛርያ ላይ ተጠቅልሎ አልዘረጋ ያለ አንቴና ነካ ነካ አድርጎ አስፈታው። ሁለት ነበሩ፣ ሁለተኛውን በሦስተኛው ቀን ሮስ በዚያው ዘዴ አስፈታ። በቢሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ የወጣበት ዕቃ በመጨረሻ የተስተካከለው ቆጥ ላይ የተንጠለጠለ ነገር በዱላ እንደሚወርደው መሆኑ ደስ ይለኛል። ሥራ ማለት ይሄ ነው፣ የትም ቢሆን።

የሦስተኛው ቀን አንድ ነገር አለ ብዙ ሰው የማያነሳው። ከዩኒቲ ውጪ ላይ የመፍቻና የመሣሪያ ቦርሳ አስረው ትተው ሄዱ። ለእነሱ አልነበረም፤ ከእነሱ በኋላ ለሚመጡ ሠራተኞች ነው።

ያ ልብስና ጓንት ለሥራ ይመቻል?

አይመችም። ልብሱ ምድር ላይ ወደ 127 ኪሎ ይመዝናል፣ በውስጡም ንጹሕ ኦክሲጅን ነው ያለው፤ ግፊቱ ምድር ላይ ካለው አየር አንድ ሦስተኛ አይሞላም። ትንሽ ቢመስልም ውጪው ባዶ ስለሆነ ልብሱ እንደተነፋ ኳስ ይወጠራል። ጣትህን ባጠፍክ ቁጥር ጓንቱ መልሶ ሊዘረጋው ይገፋሃል። የቴኒስ ኳስ ሰባት ሰዓት ሙሉ ስትጨምቅ መዋልን አስብ፤ ሲጨርሱ እጃቸው ይዝላል፣ ጥፍራቸው የሚጎዳም አለ።

ልምምዱም ለዚህ ነው። ሂውስተን ውስጥ 62 ሜትር ርዝመትና 12 ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ አለ። የጣቢያው ክፍሎች በልካቸው የተሠራ አምሳያ በውኃው ውስጥ ተቀምጧል፣ ጠፈርተኞቹም ልብሱን ለብሰው በሚዛን ተመጣጥነው አይሰምጡም አይንሳፈፉም። እያንዳንዷን ብሎን እዚያ ደጋግመው ፈተው አስረው ነው ወደ ላይ የሚወጡት። ደግሞ ከመውጣታቸው በፊት ኦክሲጅን ሲተነፍሱ ይቆያሉ፣ አለዚያ ግፊቱ ሲቀንስ ደማቸው ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አረፋ ይሠራል። ጠልቀው የሚዋኙ ሰዎች በፍጥነት ሲወጡ የሚይዛቸው ሕመም ያው ነው።

ዕቃ ከእጃቸው ቢያመልጥስ?

አምልጧል። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ትናንሽ ዕቃዎች ተንሳፈው ሄደዋል። ስለዚህ ነው ሁሉ ነገር በገመድ የሚታሰረው፣ መፍቻውም፣ ቦርሳውም፣ ሰውየውም። ያመለጠ ዕቃ በዚያ ፍጥነት የሚበር ጥይት ነው፤ ቆይቶ ግን በዚያ ከፍታ ያለው ስስ አየር ፍጥነቱን ይቀንሰውና ወርዶ ይቃጠላል።

ሰው ቢያመልጥ ለሚለው፣ ጀርባ ላይ የሚታሰር በናይትሮጅን ጋዝ የሚገፋ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ በዚህ ጉዞ ላይም ሞክረውታል።

በሩን ማን ቀድሞ ገባ? አሜሪካዊ ነው ሩሲያዊ?

ሁለቱም። ዲሴምበር 10 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 1 ቀን 1991 ዓ.ም. ምሽት ላይ። የዩኒቲ በር ሲከፈት አዛዡ ካባናና ክሪካልዮቭ ጎን ለጎን ሆነው በአንድ ላይ ተንሳፈው ገቡ። በሩ ለሁለት ሰው ጠበብ ያለ ነው፣ ግን ሆን ብለው እንደዚያ አደረጉት። ማን ቀደመ የሚለው ጥያቄ መልስ እንዳይኖረው። ከትንሽ ቆይታ በኋላ ዛርያም እንደዚሁ ሁለቱ አብረው ገቡ።

ውስጥ ከአንድ ቀን ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ነው የሠሩት። ክሪካልዮቭና ናንሲ ዛርያ ውስጥ የተበላሸ የባትሪ መሙያ ክፍል ፈተው በአዲስ ተኩ። ሮስና ኒውማን ዩኒቲ ውስጥ የመገናኛ መሣሪያ ገጠሙ። ካባናም የጣቢያውን መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ ጻፈ፣ ስድስቱም ፈረሙበት። ከዚያ መብራት አጥፍተው፣ በሮቹን አንድ በአንድ ዘግተው ወጡ።

ክሪካልዮቭ ያ «የመጨረሻው የሶቪየት ዜጋ» የሚባለው ሰው ነው?

አዎ እሱ ነው። በሜይ 1991 ወደ ሚር ሲወጣ አገሩ ሶቪየት ኅብረት ነበረች። እዚያ እያለ አገሪቱ ፈረሰች። የተወለደባት ከተማ ሌኒንግራድ ስሟ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተቀየረ። ሊመለስ የነበረበት ጊዜም ተራዘመ፣ ምክንያቱም በቦታው የሚተካ ሰው የማምጣቱ ነገር በዚያ ቀውጢ ጊዜ ተዘበራርቆ ነበር። በማርች 1992 ከ311 ቀን በኋላ ሲያርፍ ያረፈበት መሬት ካዛክስታን የሚባል ሌላ አገር ሆኗል።

ይሄው ሰው ነው በ1994 እንደ ኢንዴቨር ባለች የአሜሪካ መንኮራኩር (ሹትል) የበረረ የመጀመሪያው ሩሲያዊ የሆነው፣ በ1998 ደግሞ ከካባና ጋር በሩን የገባው። በኖቬምበር 2000 ጣቢያው ላይ ለመኖር የገቡት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ነዋሪዎች ውስጥም አለበት። አገር ከሥሩ የተነነበት ሰው ለሁለት አገር ቤት መሠረት ሲጥል ማየት፣ እውነቴን ነው፣ ይነካኛል።

ከተገጣጠመ በኋላ ለምን ሁለት ዓመት ያህል ሰው ሳይኖርበት ቆየ?

መኝታ፣ መጸዳጃ፣ አየር ማጽጃ ስላልነበረው። እነዚህ ያሉት ዝቬዝዳ በሚባለው ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ነው፣ እሱን የምትሠራው ደግሞ ሩሲያ ነበረች። በዚያ ጊዜ ሩሲያ በገንዘብ ችግር ላይ ስለነበረች ዘገየ፣ የተነሳውም በጁላይ 2000 ነው። በመሃል በ1999ና በ2000 መንኮራኩሮች እየሄዱ ዕቃ አደረሱ፣ የተበላሸ ጠገኑ፣ እየወረደ የነበረውን ምህዋርም ከፍ አደረጉ። ኖቬምበር 2 ቀን 2000 የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣቢያው ሰው አጥቶ አያውቅም።

ጣቢያው ከኢትዮጵያ ይታያል?

በደንብ ይታያል፣ መሣሪያም አያስፈልግም። ምህዋሩ ከምድር ወገብ 51.6 ዲግሪ ያዘመመ ስለሆነ ከሰሜንም ከደቡብም እስከዚያ ኬክሮስ ያለውን አገር ሁሉ ያዳርሳል፣ አዲስ አበባም፣ መቀሌም፣ ቴላቪቭም፣ ዱባይም፣ ዋሽንግተንም። ይሄ ማዘንበል የተመረጠው ከባይኮኑር የሚነሱ የሩሲያ ሮኬቶች እንዲደርሱበት ነው። አሜሪካ ብቻዋን ብትሆን ዝቅ ያለ ማዘንበል ለፍሎሪዳ ይቀላት ነበር።

የሚታየው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ወይም ሊነጋ ሲል ነው፤ እኛ ጨለማ ውስጥ እያለን እሱ ገና ፀሐይ ላይ ሲሆን። ብልጭ ድርግም የማይል፣ ድምፅ የሌለው፣ ከኮከቦች ሁሉ የደመቀ ነጥብ በአብዛኛው ከምዕራብ በኩል ብቅ ይልና ሰማዩን በአምስት ስድስት ደቂቃ ያቋርጣል። አንዳንዴ አናት ላይ ሲደርስ ደብዘዝ ብሎ ይጠፋል፤ ደመና አይደለም፣ የምድር ጥላ ውስጥ መግባቱ ነው። ቤታችን ጣሪያ ላይ ሆነን ለእናቴ ሳሳያት «ሰው አለበት?» አለችኝ፣ አለበት ስላት እስኪጠፋ ድረስ ነጠላዋን ይዛ ቆማ ተመለከተችው።

ዛርያ የሩሲያ ነው የአሜሪካ?

ይሄ ሰውን የሚያጨቃጭቅ ነው። የሠሩት ሩሲያዎች ናቸው፣ ሞስኮ ያለው የክሩኒቼቭ ድርጅት። ያስነሱትም እነሱ ናቸው። ገንዘቡን የከፈለችው ግን አሜሪካ ናት፣ በቦይንግ በኩል። ስለዚህ ባለቤትነቱ የአሜሪካ ነው፣ ምንም እንኳ በሩሲያው ወገን ቢቆምና መቆጣጠሪያው ላይ ያለው ጽሑፍ ሩሲያኛ ቢሆንም። ሁለቱም ወገን «የእኛ ነው» ሲል ቢሰማ ሁለቱም አልዋሹም።

ይሄን ሁሉ ሮቦት ብቻውን ሊሠራው አይችልም ነበር?

የተወሰነውን አዎ። ሩሲያዎች ዝቬዝዳን ያለ ሰው እጅ በራሱ እንዲገጥም አድርገዋል፣ ዛሬም የጭነት መንኮራኩሮች ራሳቸው ይገጥማሉ። በታቀደው መንገድ የሚሄድ ሥራ ከሆነ ማሽን ይበቃዋል። ጥያቄው ያልታቀደው ሲመጣ ነው።

ከዚህ ጉዞ ዘጠኝ ዓመት በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። በ2007 ዲስከቨሪ የምትባለው ሌላዋ የናሳ መንኮራኩር በፓሜላ መልሮይ አዛዥነት ሌላ ክፍል ይዛ ሄደች። አንድ የፀሐይ ኃይል ክንፍ አዛውረው ሲዘረጉት ሽቦ ያዘውና ተቀደደ። ለዚህ የተዘጋጀ መለዋወጫ አልነበረም። ውስጥ ያሉት ጠፈርተኞች ከአሉሚኒየም ቁራጭ፣ ከሽቦና ከፕላስተር እንደ ሸሚዝ እጅጌ ቁልፍ ያለ ማያያዣ በእጃቸው ሠሩ። ኖቬምበር 3 ስኮት ፓራዚንስኪ በክንድ ላይ በተቀጠለ ሌላ ዘንግ ጫፍ ላይ ቆሞ ክንፉ ጋ ሄደ። ክንፉ ፀሐይ እስካለ ድረስ ኤሌክትሪክ ያመርታል፣ ሊጠፋ አይችልም። ስለዚህ የመሣሪያዎቹ ብረት ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ፕላስተር ተጠቅልሎ ነበር። ክንፉ ወደ እሱ ሲወዛወዝ በተሸፈነ ዘንግ ገፋ እያደረገ፣ የተጠላለፈውን ሽቦ ቆረጠ፣ አምስቱን ማያያዣዎች አንድ በአንድ ሰፋቸው። ሰባት ሰዓት ከ19 ደቂቃ ፈጀ። ክንፉም ሙሉ በሙሉ ተዘረጋ።

በ1998 አልዘረጋ ያለችዋን አንቴና በዘንግ መነካካትም ያው ነው። ከ1998 እስከ 2011 ድረስ ጣቢያው የተሠራው ከ40 በላይ በሆኑ የመገጣጠም በረራዎች ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ ማለት ይቻላል ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ነገር ገጥሟል።

ኢንዴቨርና ሁለቱ ክፍሎች አሁን የት ናቸው? መጨረሻቸውስ?

ኢንዴቨር የመጨረሻ ጉዞዋን በሜይ 2011 አድርጋለች፣ ያውም ወደዚሁ ጣቢያ። አሁን ሎስ አንጀለስ፣ በካሊፎርኒያ የሳይንስ ማዕከል ናት። ጣቢያው ከ2030 አካባቢ በኋላ አገልግሎቱ እንዲያበቃ ታቅዷል። እንዲሁ ቢተው የት እንደሚወድቅ ስለማይታወቅ ሰው ወደሌለበት ውቅያኖስ የሚገፋው መንኮራኩር ያስፈልጋል፤ ናሳ በ2024 ይሄን ሥራ ለስፔስኤክስ ሰጥቷል።

እስከዚያው ዛርያና ዩኒቲ ናንሲ ባስቀመጠቻቸው ቦታ እንደተጋጠሙ ናቸው። ዛርያ ዛሬ በአብዛኛው የዕቃ ማስቀመጫ ነው፣ ግድግዳው በቦርሳ ተሞልቷል። የመመገቢያው ጠረጴዛ ያለው ደግሞ ዩኒቲ ውስጥ ነው። ሩሲያዎቹ በዛርያ አልፈው ወደዚያ ይመጣሉ፣ ሌሎቹ በሌላው በር ይገባሉ፣ እግራቸውን ብረት ሥር ሸጉጠው ይበላሉ።